የወንጌል ማኅበሮች፦ ከለንደን እስከ ደምቢያ



«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ዛሬ ከሥሩ የምናነሣው ነገር በየመርከዝ ክሊታው፣ በየሠርጉና በየለቅሶው ቤት በሹክሹክታ የሚወራ ነው። «የእነ እገሌ አያት የተጠመቁ ናቸው»፣ «እነዚያ ፈላሽ ሙራ ናቸው» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ልጆችም ከትልልቆች የሰሙትን ይዘው በትምህርት ቤት ግቢ ይሰዳደቡበታል። በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራዬ ከቤተሰቦች ጋር ስነጋገር እንደታዘብኩት፣ ብዙ ጊዜ ተሳዳቢውም ተሰዳቢውም ታሪኩን አያውቁትም። ያ አያት መቼ ተጠመቁ? ማን አጠመቃቸው? ለምንስ ተጠመቁ? ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የዚህ ጥያቄ መልስ ከጎንደር ብቻ አይገኝም። ከለንደን፣ ከስዊስና ከዚህችው ከኢየሩሳሌም ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ዛሬ የክርስትና ሃይማኖት ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በዓለም ላይ እንዴት እንደተስፋፋ፣ ማዕበሉም እንዴት ወደ አያቶቻችን ደጅ እንደደረሰ በአጭሩ እንነጋገራለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማኅበሮቹ እንዴት ተነሡ?

ክርስትና በኢትዮጵያ የቆየ ሃይማኖት ነው። በአክሱም ነገሥታት ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ዓመት የገባ ነው። የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለዚያ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ አገር በፕሮቴስታንቶች መካከል ስለተጀመረው ነገር ነው።

ከዚያ በፊት ክርስትናን ወደ ሩቅ አገር ያስፋፉ የነበሩት በአብዛኛው ነገሥታትና መነኮሳት ነበሩ። አሁን ግን ነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያው፣ ባልቴቷ ሳይቀሩ ሳንቲም እያዋጡ ማኅበር ማቆም ጀመሩ። ዊልያም ኬሪ የሚባል፣ ቀድሞ ጫማ ሰፊ የነበረ ሰባኪ በ1792 ከጓደኞቹ ጋር እንዲህ ያለ ማኅበር መሥርቶ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ህንድ ሄደ። በ1795 የለንደን ሚሲዮን ማኅበር፣ በ1799 የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር፣ በ1804 ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስን በየቋንቋው የሚያሳትም ማኅበር ተቋቋመ። ስዊሶችና ጀርመኖችም በ1815 በባዝል ከተማ የራሳቸውን መሠረቱ።

እነዚህ ማኅበሮች የዓለምን መልክ ለውጠዋል። በ1900 በመላው አፍሪካ የነበሩት ክርስቲያኖች ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ እንደነበሩ ይገመታል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የኢትዮጵያና የግብፅ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ቁጥሩ ከ600 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ የተለወጠው በነጭ ሰባኪዎች ብቻ አልነበረም። አብዛኛውን ሥራ የሠሩት ፊደል የቆጠሩ፣ መጽሐፉን በራሳቸው ቋንቋ ያነበቡና ለጎረቤቶቻቸው ያስተማሩ የአገሩ ተወላጆች ናቸው። በኢትዮጵያ ራሱ ከባርነት ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በኦሮምኛ ማሳተሙ የታወቀ ነው።

ለእኛ ታሪክ ግን ከሁሉ የሚበልጠው በ1809 በለንደን የተቋቋመው ሌላ ማኅበር ነው። ዓላማው ክርስትናን በአይሁዳውያን መካከል ማስፋፋት ነበር። የዚህ ማኅበር ሰዎች አይሁድን የሚጠሉ አልነበሩም። እንዲያውም ብዙዎቹ አይሁድ ወደ እስራኤል ምድር እንዲመለሱ ይጸልዩ ነበር። ነገር ግን ሲመለሱ ክርስቲያን ሆነው እንዲመለሱ ይፈልጉ ነበር። ነገሩን ከባድ ያደረገው ይኸው ነው። ዱላ ይዞ የመጣን ሰው መለየት ቀላል ነው፤ መድኃኒትና መጽሐፍ ይዞ በፍቅር የመጣን ሰው ግን እምቢ ማለት ያስቸግራል።

በመጀመሪያ ኢየሩሳሌም

ብዙ ወገኖቻችን ሚሲዮን የመጣው በእኛ ላይ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የለንደኑ ማኅበር ከደምቢያ በፊት የደረሰው ኢየሩሳሌም ነው።

በዚያን ዘመን በኢየሩሳሌም ይኖሩ ከነበሩት አይሁዳውያን ብዙዎቹ እጅግ ድሆች ነበሩ። የሚተዳደሩት ከውጭ አገር በሚላክላቸው ምጽዋት ነበር። ውሃው የጉድጓድ፣ በሽታውም ብዙ ነበር። በ1841 እንግሊዝና ፕሩስያ ተስማምተው ለከተማዋ አንድ የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሾሙ። የተሾመው ሚካኤል ሰሎሞን አሌክሳንደር አይሁዳዊ ሆኖ የተወለደ፣ ቀድሞም ረቢ የነበረ ሰው ነው። በ1844 ማኅበሩ በከተማዋ ሆስፒታል ከፈተ፤ በኢየሩሳሌም የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆስፒታል ይኸው ነበር። በ1849 ደግሞ ክራይስት ቸርች የተባለው ቤተ ክርስቲያናቸው ተመረቀ። ዛሬም በያፎ በር ወደ አሮጌው ከተማ የገባ ሰው እዚያው አጠገብ ያየዋል።

ረቢዎቹ ወደዚያ ሆስፒታል እንዳይኬድ አወገዙ። ነገር ግን ልጁ በትኩሳት የሚቃጠልበት አባት ሌላ ሐኪም ከሌለ ምን ያድርግ? ውግዘት ብቻውን እንደማይበቃ የተረዱ የአውሮፓ አይሁዳውያን ነበሩ። ሞሼ ሞንቴፊዮሬ በ1843 ሐኪምና መድኃኒት ወደ ኢየሩሳሌም ላኩ፤ በ1854 የሮትሺልድ ቤተሰብ ለአይሁዳውያን ሆስፒታል አሠራ። ሰዎቹ ሃይማኖታቸውን እንዲጠብቁ ከተፈለገ ሐኪምም ያስፈልጋቸው ነበርና። ይህን ነገር ልብ እንበለው፤ ወደ ጎንደር ስንሄድ ያስፈልገናል።

መንገዱ ወደ ደምቢያ

ከአሌክሳንደር ሞት በኋላ በ1846 የኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት የሚባል ስዊሳዊ ነው። ይህ ሰው በ1830 ጎንደር ተቀምጦ፣ አማርኛ ተምሮ፣ ከቤተ እስራኤል ሰዎችም ጋር ተነጋግሮ ነበር። ስለዚህ ኢየሩሳሌም ላይ ሆኖም ኢትዮጵያን አልረሳም።

ከእሱም በፊት መንገዱን የጠረገ አንድ መጽሐፍ ነበር። አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ ካይሮ ውስጥ ለአንድ የፈረንሳይ ቆንስል አሥር ዓመት ያህል ሠርቶ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ተረጎመ። የእጅ ጽሑፉ ከ9,500 ገጽ በላይ ነበር። በ1820 ሥራው ለእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተገዛ። አራቱ ወንጌሎች በ1824፣ መላው መጽሐፍ በ1840 ታትሞ ወጣ።

የዚህን ክብደት የምናውቀው የራሳችንን ሁኔታ ስናስብ ነው። የእኛ ኦሪት በግዕዝ፣ በብራና የተጻፈ ነበር። በመስጊድ ተቀምጦ የሚነበበው በቄሶች፣ በመነኮሳትና በደብተራዎች ነው። ሌላው ሕዝብ ይሰማል እንጂ አያነብም። አሁን ግን አንድ የመንደር ወጣት በሚናገረው ቋንቋ የታተመ መጽሐፍ በእጁ ሲያገኝ ልቡ ቢሳብ ምን ያስደንቃል?

በ1855 ዮሐን ማርቲን ፍላድ የሚባል ጀርመናዊ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። እሱና ጓደኞቹ በባዝል አጠገብ ባለችው በቅድስት ክሪሾና የተማሩ፣ ከስብከት ጋር የእጅ ሙያ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ከጓደኞቹ ብዙዎቹን ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስቀምጠው መድፍ አሠሯቸው፤ «ሴባስቶፖል» የተባለውን ትልቅ መድፍ ያፈሰሱት እነሱ ናቸው። በ1860 ደግሞ የለንደኑ ማኅበር ሄንሪ ስተርን የሚባል ሰባኪ ላከ። ስተርንም በጀርመን አገር አይሁዳዊ ሆኖ ተወልዶ በለንደን የተጠመቀ ሰው ነበር። ለቤተ እስራኤል የሚደረገው ስብከት ዋና ማዕከል በደምቢያ ጀንዳ ሆነ።

ዐፄ ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማ ስብከቱን የፈቀዱት በአንድ ውል ነው፦ የሚያምን ሰው ቢገኝ የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ነበር። እንግዲህ ነገሩን ተመልከቱት። የሚያስተምረው ፕሮቴስታንት፣ የሚያጠምቀው የኦርቶዶክስ ቄስ፣ የሚጠመቀው የቤተ እስራኤል ልጅ ነው። የተጠመቀው ሰው ከራሱ ወገን ይለያል፤ በአገሩ ክርስቲያኖች ዘንድ ደግሞ በፈረንጅ ትምህርቱ «ጸረ ማርያም» ተብሎ ይጠረጠራል፤ በዘሩም ከቡዳ ስም አያመልጥም። ብዙዎች እርስ በርሳቸው እየተጋቡ በመካከል ቀሩ። በሁለቱም ወገን ባዕድ ሆነው የኖሩ ቤተሰቦች ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሰዎቹስ ለምን ተጠመቁ?

አንደኛው ምክንያት ከእነዚህ ሰባኪዎች በፊትም የነበረ ነው። በጎንደር አገር ቤተ እስራኤል በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። የሚያርሱት የሌላውን መሬት፣ የሚኖሩትም በቀጥቃጭነት፣ በሽመናና በሸክላ ሥራ ነበር። የተጠመቀ ሰው መሬት የማግኘት ተስፋ ነበረው። ይህ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በሕዝባችን ላይ የኖረ ፈተና ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ነው። ፊደል ለመቁጠር፣ መጽሐፍ ለማግኘት፣ እንዲያም ሲል አውሮፓ ሄዶ ለመማር የተከፈተው በር የሚሲዮኑ በር ብቻ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ተጠማቂዎች አንዱ የሆኑት ደብተራ ብሩ በኋላ ራሳቸው የሚሲዮኑ አስተማሪ ሆነዋል።

ሦስተኛው ክርክሩ ነው። ሰባኪዎቹ መሥዋዕታችንን፣ ምንኩስናችንን፣ የአትንኩኝን ሥርዓት ከመጽሐፍ እየጠቀሱ ይነቅፉ ነበር። በቅንነት አምኖ የተለወጠ ሰው አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ነበረ።

ሕዝባችንም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1862 በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ሃይማኖታዊ ክርክር ተደርጎ የእኛ ሰዎች ስለ እምነታቸው ተከራክረዋል። በዚያው ዓመት አባ መሐሪ የተባሉት መነኩሴ «ኢየሩሳሌም የምንገባበት ቀን ደረሰ» ብለው ብዙ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወጡ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ያምኑ ነበር። ትግራይ እንደደረሱ በረሃብና በበሽታ ብዙ ሰው አለቀ፤ የተረፈው ተመለሰ። ያ ጉዞ ከስብከቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ያምናሉ። ጭንቅ በበዛበት ጊዜ አንዱ ወደ ጥምቀት ሲሄድ ሌላው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሣ። አንድ መንደር፣ አንዳንዴም አንድ ቤት ውስጥ የነበሩ ወንድማማቾች ናቸው። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» የተባለው ለዚህ ነው።

የፈረንጆቹ ሰባኪዎች ዕድሜ አልረዘመም። ስተርን በጻፈው መጽሐፍና በሌላም ምክንያት ከንጉሡ ጋር ተጣልቶ ታሰረ፤ የእንግሊዙ ቆንስልም ታሰረ፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ገብቶ እስረኞቹን ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ፍላድ ከአውሮፓ ሆኖ በደብዳቤ ሲመራ፣ በአገሩ ውስጥ ሥራውን የያዙት አውሮፓ ተምረው የተመለሱት ሚካኤል አረጋዊና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ክፉ ቀን

ከሁሉ ይልቅ ሕዝባችንን የጎዳው ግን የሰባኪ ቃል አይደለም። በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። በዚያው ሰሞን ከውጭ የገባው የከብት በሽታ ከብቱን ጨረሰ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። ዝናብ ቀረ፣ አንበጣ መጣ፣ በሽታም ተከተለ። ከ1888 እስከ 1892 የቆየውን ይህን ዘመን አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለውታል። ከቤተ እስራኤል ሕዝብ ከሲሶ እስከ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ እንዳለቀ ይገመታል። የተረፈው ተበተነ። ቄሱ የሞተበት፣ መስጊዱ የፈረሰበት፣ ልጆቹን ይዞ በየክርስቲያኑ መንደር እንጀራ ፍለጋ የገባ ሰው ብዙ ነው። ከእነዚህ መካከል የተጠመቁ አሉ፤ ዘመኑ ሲያልፍ በጾምና በውሃ ነጽተው የተመለሱም አሉ። መመለሻ ያጡም ቀሩ።

ዛሬ በሞላ ማዕድ አጠገብ ተቀምጠን በእነዚያ ሰዎች ላይ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ይህን ማወቅ ይገባናል።

የአይሁድ ዓለም መልስ

የሚሲዮኑ መምጣት አንድ ያልታሰበ ነገር አስከተለ። ፍላድና ስተርን ስለ ቤተ እስራኤል የጻፉትን ያነበቡ የአውሮፓ አይሁዳውያን «ወንድሞቻችን ከሃይማኖታቸው ሊወሰዱ ነው» ብለው ደነገጡ። በ1864 ረቢ ዓዝሪኤል ሂልደስሃይመር በአይሁድ ጋዜጦች የእርዳታ ጥሪ አወጡ። በ1867 አሊያንስ የተባለው የፓሪስ ድርጅት ጆሴፍ ሀሌቪን ላከ። የእኛ ሰዎች በመጀመሪያ ሀሌቪንም ሰባኪ ነው ብለው ጠረጠሩት፤ ነጭ አይሁዳዊ አለ ብለው አያምኑም ነበርና። ልባቸው የተከፈተው የኢየሩሳሌምን ስም ሲያነሣ ነው ብሎ ጽፏል። ነገር ግን ሪፖርቱ ከቀረበ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተደረገም። በኢየሩሳሌም ሆስፒታል ቶሎ ተሠርቶ ነበር፤ ወደ ደምቢያ ግን የመጣ የለም። ክፉ ቀን ያገኘን ያለ ረዳት ነው።

የሀሌቪ ተማሪ ያዕቆብ ፋይትሎቪች የመጣው በ1904 ነው። አብሮት ወደ አውሮፓ የወሰደው ወጣት ታምራት አማኑኤል በአስመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ይማር ነበር፤ ወገኖቹም የተጠመቁ ነበሩ። ታምራት በፓሪስና በፊሬንዜ ተምረው፣ በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መርተው፣ ብዙ ልጆች አስተምረው፣ በመጨረሻም በ1963 በኢየሩሳሌም አረፉ። እንግዲህ ያኔ «የተጠማቂ ልጅ ነው» ተብለው ተገፍተው ቢሆን ኖሮ ስንት ተማሪ ያለ መምህር ይቀር ነበር?

ወደ እስራኤል ከመጣን በኋላ

የእስራኤል መንግሥትም ከዚህ ጥያቄ ጋር የተገናኘው በእኛ ምክንያት ብቻ አይደለም። በ1962 አባ ዳንኤል የተባለ፣ በፖላንድ አይሁዳዊ ሆኖ ተወልዶ በጦርነቱ ጊዜ ካቶሊክ የሆነ መነኩሴ በመመለስ ሕግ ዜግነት ጠይቆ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከለከለው። በ1970 የተሻሻለው ሕግም በፈቃዱ ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው በዚህ ሕግ አይገባም ይላል። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ሲመጡ የተጠማቂ ዘር የተባሉት በአዲስ አበባ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ በ1992 የተቋቋመው የሚኒስትሮች ኮሚቴ በቤተሰብ ማገናኘት እንዲገቡ ሐሳብ አቀረበ፤ በ2003 መንግሥት በእናት ወገን የቤተ እስራኤል ዘር ያላቸው እንዲመጡ ወሰነ፤ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 ደግሞ በጹር እስራኤል ዘመቻ ሌሎች ገቡ። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ መንገድ መጥተዋል። ብዙዎቻችሁ ይህን የምታነቡ ከእነሱ መካከል ናችሁ።

ክርስቲያኖቹም ባሉበት አልቆሙም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1965 በቫቲካን ጉባኤዋ ስለ አይሁድ የነበራትን አስተሳሰብ ለወጠች፤ በ2015 በወጣ ጽሑፍም አይሁድን ለመለወጥ የተቋቋመ ሚሲዮን እንደማትደግፍ አስታወቀች። በፕሮቴስታንቶቹ ዘንድ አሳቡ አንድ አይደለም። በእስራኤል ደግሞ ከ1977 ጀምሮ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም እየሰጡ ሰውን ሃይማኖት ማስለወጥ በሕግ ያስቀጣል። ከኢየሩሳሌሙ ሆስፒታል ጀምሮ የተናገርነውን የምታስታውሱ ሕጉ ለምን እንደወጣ ይገባችኋል። ሰው ያመነውን ማመን መብቱ ነው፤ ራበው ተብሎ ግን እምነቱ አይገዛም።

ለየቤተሰቡ አንድ ምክር አለኝ። አባቶቻችን ለጋብቻ ሲሉ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። አሁንም ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ በሕይወት ሳሉ ልጆቻችሁን አጠገባቸው አስቀምጡ። የአያትን ስም ብቻ ሳይሆን መንደሩን፣ ሙያውን፣ የተጠመቀም ካለ መቼና በምን ምክንያት እንደሆነ ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉ። በመጠየቅ የሚያፍር አይኑር። ለሚሲራድ ሃፕኒም ጉዳይ የሚጠቅም ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ይልቅ ግን ልጃችሁ በትምህርት ቤት ግቢ «ፈላሽ ሙራ» ሲባል አንገቱን ከመድፋት ይልቅ የሚመልሰው ታሪክ ይኖረዋል። የሚሳደበውም ልጅ የእናንተ ከሆነ፣ በዚያው ደብተር ሰባት ቤት ድረስ ቁጠሩለት። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቤት ከሚሰድበው ልጅ ጋር አንድ አያት ላይ ሊገናኝ ይችላል።